የድሮ የጀርመን ጠመንጃ፦ ስሙን ከማንበብ በፊት ሆዱን ማየት

አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ገበያ ላይ፣ ወይም ከሟች ቤት በወጣ ንብረት መሃል፣ አንድ ጠመንጃ ታያላችሁ። ሰደፉ የዋልነት እንጨት ነው። በርሜሉ ስምንት ጎን አለው። በርሜሉ ላይ በብር የተለበጠ ጽሑፍ አለ፤ የሰው ስምና የከተማ ስም። ሻጩ አያመነታም። «የ1700ዎቹ የጀርመን ጠመንጃ ነው፣ የሠራውም ይሄ ስሙ የተጻፈው ሰውዬ ነው» ይላችኋል። ሻጭ ምን ቸገረው።

እዚያች አንዲት ንግግር ውስጥ ሦስት ነገሮች አሉ፦ ዘመኑ፣ አገሩና ሠሪው። ሦስቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ሦስቱም ስህተት ሊሆኑ ይችላሉ። ብዙ ጊዜ ደግሞ አንዱ ልክ ሆኖ ሁለቱ ይወድቃሉ። ይህ ጽሑፍ እንዴት ማጣራት እንደሚቻል ነው የሚያወራው። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ስለ ምን ዓይነት ጠመንጃ እንደምናወራ እንግባባ። በአገራችን ሽማግሌዎች አፍ የማይጠፉት ውጅግራና ምንሽር ቀለህ ያለው ጥይት ከኋላቸው የሚጎርሱ ናቸው። የእኛ ርዕስ ከእነሱ አንድ ትውልድ ይቀድማል። ባሩዱም እርሳሱም የሚገባው በአፈሙዙ ነው። ተኳሹ ባሩዱን ለክቶ ያፈሳል። ድቡልቡሏን እርሳስ ቅባት በነካው ቁራጭ ጨርቅ ጠቅልሎ አፈሙዙ ላይ ያስቀምጣል። ከዚያ በዘንግ እየገፋ እስከ ታች ያወርዳታል። በርሜሉ ውስጥ ጠመዝማዛ ቦዮች ተቆፍረዋል። እርሳሷ እየተሽከረከረች ወጥታ ቀጥ ብላ የምትሄደው በእነሱ ምክንያት ነው። ቦይ የሌለው ልሙጥ በርሜል ከሆነ ወይ የወታደር ነው፣ ወይ ለወፍ ማደኛ የተሠራ ነው፤ ፍለጋው ሌላ መንገድ ይይዛል።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ማስጠንቀቂያ። ጠመንጃው ጎርሶ ሊሆን ይችላል። እየቀለድኩ አይደለም። የዛሬ መቶ ሃምሳ ዓመት አንድ አዳኝ አጉርሶት፣ አውሬው አምልጦት፣ ግድግዳ ላይ ሰቅሎት የቀረ ጠመንጃ ዛሬም ይገኛል። ባሩድ እርጥበት ካልነካው አይሞትም። ማጣሪያው ቀላል ነው። ቀጭን የእንጨት ዘንግ በአፈሙዙ ቀስ ብላችሁ አስገቡ፤ አፈሙዙ ፊት ለፊት ግን አትቁሙ። ዘንጉ ሲቆም በአፈሙዙ ጠርዝ ልክ በእርሳስ ምልክት አድርጉበት። አውጡትና በርሜሉ ላይ በውጭ በኩል አስተኙት፤ ምልክቱ አፈሙዙ ጋ ይዋል። የዘንጉ ጫፍ እሳቱ የሚገባበት ቀዳዳ አካባቢ ከደረሰ ባዶ ነው። አራት አምስት ሳንቲ ሜትር ቀድሞ ከቆመ ውስጡ አንድ ነገር አለ። በዚህ ጊዜ እጃችሁን ሰብስቡና ሥራውን ለሚያውቅ የመሣሪያ ጠጋኝ ስጡት።

የትኛዋ ጀርመን?

አሁን ወደ ነገሩ። እስከ 1871 ድረስ ጀርመን የሚባል አንድ መንግሥት አልነበረም። ናፖሊዮን ከወደቀ በኋላ በ1815 የተመሠረተው የጀርመን ኅብረት 39 ያህል ግዛቶችን የያዘ ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ ቁጥሩ ወደ ሦስት መቶ ይጠጋ ነበር። ፕሩሲያ፣ ሳክሶኒ፣ ባቫሪያ፣ ሃኖቨር፣ ሄሰን ካሰል፣ ቩርተምበርግ... እያንዳንዱ የራሱ ጦር፣ የራሱ ማኅተም፣ የራሱ መለኪያ ነበረው። የፕሩሲያው ኢንች 26.15 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሳክሶኒው 23.6። ሜትር በመላው አገሪቱ ሕግ የሆነው በ1872 ነው። ስለዚህ «የጀርመን ነው» የሚለው መልስ በጣም ሰፊ ነው። የምንፈልገው ከተማና አሥር ሃያ ዓመት ነው።

ሌላም ጣጣ አለ። ኦስትሪያና ቦሄሚያም የዚያ ኅብረት አካል ነበሩ። ቪየና፣ ፕራግና ካርልስባድ ውስጥ የሠሩ ባለእጆች ስማቸው የጀርመን፣ ጽሑፋቸውም በጀርመንኛ ነው። ካርልስባድ ግን ዛሬ ካርሎቪ ቫሪ ተብላ ቼክ ውስጥ ነው ያለችው። በርሜሉ ላይ ጀርመንኛ ስላነበባችሁ ብቻ ጠመንጃው ከዛሬዋ ጀርመን መጣ ማለት አይደለም።

ከከተሞቹ ሁሉ አንዷን ብቻ በቃላችሁ መያዝ ካለባችሁ ዙልን ያዙ። ዙል በቱሪንጊያ ደን ውስጥ ያለች ከተማ ናት። ብረቱ ከተራራው፣ ከሰሉ ከደኑ፣ መዶሻውን የሚያንቀሳቅሰው ውሃ ከወንዙ ይገኝ ነበርና ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ለግማሽ አውሮፓ መሣሪያ ስታቀርብ ኖራለች። በሠላሳው ዓመት ጦርነት ጊዜ፣ በ1634፣ ከተማዋ ተቃጠለች፤ ግን ተነሳች። እስከ 1815 የሳክሶኒ ነበረች፣ ከዚያ ለፕሩሲያ ተሰጠች። አጠገቧ ያሉት ዜላና ሜሊስም በዚሁ ሥራ የታወቁ ናቸው። የዙል ጥንታዊ ማኅተም የከተማዋ ስምና አንዲት ዶሮ ነው፤ ዶሮዋ የመጣችው ከሄነበርግ መሳፍንት አርማ ነው። የትም የተገጣጠመ ጠመንጃ ላይ የዙል በርሜል ብታገኙ አይግረማችሁ። የትንሽ ከተማ ጠመንጃ ሠሪ በርሜል እየቀጠቀጠ ጊዜውን አያጠፋም ነበር። በርሜሉን ከዙል ወይም ከቤልጂየሟ ሊዬዥ ያስመጣል፤ መተኮሻውንም፣ ማለትም እሳቱን የሚያስነሳውን ክፍል፣ እንዲሁ። እሱ እንጨቱን ይጠርባል፣ ዕቃዎቹን ያስማማል፣ ያስጌጣል፣ በመጨረሻም ስሙን ያጽፋል።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገርም እዚህ ላይ ነው። አንድ የድሮ ጠመንጃ አንድ የትውልድ ቦታ ላይኖረው ይችላል። በርሜሉ፣ መተኮሻውና እንጨቱ ለየብቻ ነው የሚጠየቁት። ላዩ ላይ የተጻፈው ስም ደግሞ የመጨረሻው ምስክር ነው መሆን ያለበት።

ቁመናው ምን ይላል?

ከሩቅ ሲታይ እንኳ ጠመንጃው ብዙ ይናገራል። የ18ኛው ክፍለ ዘመን የጀርመን አዳኞች ጠመንጃ «ዬገር» ይባላል፤ አዳኝ ማለት ነው። አጭርና ወፍራም ነው። በርሜሉ ከ60 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ስምንት ጎን ያለው፣ ወገቡ ጋ ቀጠን ብሎ አፈሙዙ ጋ መልሶ የሚሰፋ ነው። የአፈሙዙ ስፋት ከ14 እስከ 17 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ የሚታደነው ትልቅ ቀንዳም አጋዘንና የዱር አሳማ ነበርና። ሰደፉ በስተግራ ጉንጭ ማሳረፊያ አለው። በስተቀኝ ደግሞ ትንሽ ሳጥን ተቆፍራበታለች፤ ክዳኗ እንጨት ነው፣ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ነው የሚከፈተው። ማንገቻ ማሰሪያ አለው። ምላጩ ብዙ ጊዜ ሁለት ነው፦ አንዱን ስትስቡት ሌላውን በጣም ስስ ያደርገዋል፤ ከዚያ ጣት ነካ ሲያደርገው ይተኩሳል።

አሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎች ይህን መልክ በደንብ ብታውቁት ይጠቅማችኋል። ወደ ፔንሲልቬኒያ የተሰደዱ የጀርመን ባለእጆች ዬገሩን ይዘው ሄደው በዚያው ቀየሩት። በርሜሉ ከአንድ ሜትር በላይ ረዘመ፣ አፈሙዙ ጠበበ፣ እንጨቱ ዋልነት ሳይሆን ባለ ዝንጉርጉር ሜፕል ሆነ፣ የሳጥኑ ክዳንም በማጠፊያ የሚከፈት ነሐስ ሆነ። ማንገቻውም አብዛኛውን ጊዜ ቀረ። ላዩ ላይ የጀርመን ስም ያለበት ረጅም የሜፕል ጠመንጃ ስታገኙ የሠሪውን አያት ጀርመን ውስጥ ፈልጉ፤ ጠመንጃውን ግን ላንካስተር አካባቢ።

ሦስተኛው መልክ የኢላማ ተኳሾች ነው። ጀርመኖች በየከተማው የኢላማ ማኅበር ነበራቸው። ለዚያ የሚሠራው ጠመንጃ ከባድ ነው። የሰደፉ ጫፍ ትከሻ እንዲያቅፍ እንደ መንጠቆ የተቆለመመ ነው፣ ማነጣጠሪያው በጣም ደቃቅ ነው፣ የምላጩ አቃፊ ለየጣቱ ማረፊያ አለው። ይህን የሚመስል ነገር ካያችሁ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ነገር ይዛችኋል ማለት ነው፤ «1700ዎቹ» የሚለውን እርሱት።

ጉንጭ ማሳረፊያው በጣም የጎደጎደ ከሆነ ወደ ደቡብ፣ ወደ ቲሮልና ወደ ባቫሪያ ተራሮች እዩ። ይህ ፍንጭ ብቻ ነው። የሚወደድ ቅርጽ ሁሉም ይቀዳዋል።

እሳቱ በምን ይነሳል?

ዘመኑን ለማወቅ ከሁሉ የሚሻለው መተኮሻው ነው። በባልጩት የሚሠራው መዶሻው መንጋጋ ላይ ድንጋይ ነክሶ ብረት ላይ ይፋጫል፤ ብልጭታው ከጎን ባለች ትንሽ ማንኪያ መሳይ ጎድጓዳ ላይ ያለውን ባሩድ ያቀጣጥላል። ሌላው መዶሻው የመዳብ ቆብ የሚመታበት ነው። ቆቧ የምታህለው የሽምብራ ፍሬ ነው፤ ውስጧ ሲመቱት የሚፈነዳ ቅመም አለ። በምት የሚፈነዳውን ቅመም ለጠመንጃ የማዋሉን ሐሳብ በ1807 ያስመዘገበው አሌክሳንደር ፎርሳይዝ የሚባል የስኮትላንድ ቄስ ነው። የባልጩቱ ብልጭታ ወፎቹን እያስደነበረ አስቸግሮት ነበር ይባላል። የመዳቧ ቆብ በ1820ዎቹ ተስፋፋች። የፕሩሲያ ጦር በቆብ እንዲሠራ ታስቦ የተነደፈ ጠመንጃ ያወጣው በ1839 ነው።

እና በቆብ የሚሠራ ጠመንጃ ሁሉ ከ1820 በኋላ ተሠራ ማለት ነው? አይደለም። ሰው የለመደውን ጠመንጃ አይጥልም። ወደ ጠጋኙ ይወስድና መተኮሻውን ያስለውጣል። በሩን ለውጦ ግድግዳውን ያልነካ ቤት ነው የሚሆነው። የተለወጠ መሆኑን የሚያሳየው መተኮሻው የተገጠመበት ጠፍጣፋ ብረት ነው። ድሮ ጎድጓዳዋ የነበረችበት ቦታ ላይ የተከረከመ ወይም የተሞላ ጉድጓድ ይኖራል። የባልጩቱ ሞላ ታስሮበት የነበረው ብሎን ቀዳዳም ተደፍኖ ይታያል፤ ብርሃን አጋድማችሁ ስትመለከቱት የድፍኑ ክብ ጠርዝ ብቅ ይላል። ከበርሜሉ ጎን ደግሞ እንደ ትንሽ በርሚል ያለች ብረት በብሎን ገብታ፣ ቆቧ የምትቀመጥባት ጡት እሷ ላይ ተተክላ ታገኛላችሁ። እነዚህ ካሉ ጠመንጃው ከመተኮሻው ይበልጣል። ብረቱ ንጹሕ፣ ምንም ድፍን የሌለበት ከሆነ ደግሞ ከመጀመሪያውም በቆብ እንዲሠራ ታስቦ የተሠራ ሳይሆን አይቀርም።

እኔ በበኩሌ የተለወጡትን እወዳቸዋለሁ። ነጋዴዎች ዋጋቸውን ይቀንሱባቸዋል፤ ታሪክ ለሚፈልግ ሰው ግን ሁለት ዘመን በአንድ ዕቃ ላይ የሚነበብባቸው እነሱ ናቸው።

ሆዱን መክፈት

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ እዚህ ላይ ቃል በቃል ነው የሚሠራው። ምርጡ ማስረጃ የተደበቀው ከበርሜሉ ሥር ነው። በርሜሉን ከእንጨቱ መለየት በብዙ የጀርመን ጠመንጃዎች ላይ አይከብድም፤ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ማጉረሻ ዘንጉን አውጡ። መዶሻውን ግማሽ ድረስ አንሱት። መተኮሻውን የያዘው ብሎን በስተግራ በኩል ነው የሚፈታው። ካቻቢቴው በብሎኑ ስንጥቅ ልክ መሆን አለበት። ቀጭን ካቻቢቴ ብሎኑን ይልጠዋል፤ የተላጠ ብሎን ደግሞ ማንም ገዢ ሲያየው ፊቱን ያጨፈግጋል። በርሜሉን ከእንጨቱ ጋር የያዙት አብዛኛውን ጊዜ ጠፍጣፋ የብረት ሽብልቆች ናቸው። በእንጨት ቁራጭ ቀስ ብላችሁ ገፋ ስታደርጓቸው ይወጣሉ። በሽብልቅ ፋንታ ቀጭን ምስማር ያላቸው ድሮዎቹ ግን እንጨቱን ይፈነጥቃሉ። ለነሱ ባለሙያ ጥሩ።

በርሜሉ ሲነሳ የሚታየውን ሁሉ ፎቶ አንሱ። ከሥሩ የቀጥቃጩ ስም መነሻ ፊደላት ይኖራሉ። ቁጥር ይኖራል። ዕድለኛ ከሆናችሁ የከተማው ማኅተም ይኖራል። እዚህ ያለው ጽሑፍ ማንም እንዲያየው የተጻፈ ስላልሆነ ለመዋሸት ምክንያት የለውም። በየብሎኑና በየሽብልቁ ላይ የተጫሩ ነጠብጣቦች ወይም የሮማ ቁጥሮች ካሉ ደግሞ የመገጣጠሚያ ምልክት ናቸው። ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ምልክት ካለ ዕቃዎቹ አብረው ነው የተወለዱት። አንዱ ብሎን ለብቻው ከወጣ በኋላ የገባ ነው።

መተኮሻውንም ገልብጡት። ከውስጥ በኩል የሌላ ሰው መነሻ ፊደላት ልታገኙ ትችላላችሁ። ከዚያ እንጨቱ ውስጥ፣ በርሜሉ ተኝቶበት በነበረው ቦይ፣ በእርሳስ የተጻፈ ነገር ፈልጉ። ጠጋኞች ስማቸውንና ቀኑን እዚያ መጻፍ ይወዱ ነበር። ችግሩ ጽሑፉ በድሮው የጀርመን የእጅ ጽሕፈት መሆኑ ነው። ዛሬ ጀርመንኛ አቀላጥፎ የሚናገር ሰው እንኳ አያነበውም። በየከተማው የቤተሰብ ታሪክ የሚያጠኑ ማኅበራት ግን ያነቡታል፤ ደስም ይላቸዋል።

የተጻፈውን ስም አለማመን

አሁን ላዩ ላይ ወዳለው ስም መመለስ ይቻላል። በመጀመሪያ የከተማው ስም አጻጻፍ ራሱ ቀን ይጠቁማል። ካሰል ድሮ በ«ሲ» ነበር የምትጻፈው፤ በ«ኬ» የሆነችው በይፋ በ1926 ነው። ኮሎኝም በ1919 ነው ከ«ሲ» ወደ «ኬ» የዞረችው። ዜላና ሜሊስ ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ነበሩ፤ አንድ ላይ ዜላ-ሜሊስ የተባሉትም በ1919 ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ፋሽኑ ፈረንሳይኛ ስለነበር የበርሊንና የማንሃይም ሠሪዎች ከከተማቸው ስም በፊት የፈረንሳይኛውን «አ» ያስገቡ ነበር። ያንን አይቶ «ፈረንሳይ ነው» የሚል አይጠፋም።

ሁለተኛው ነገር ስሙ የማን እንደሆነ ነው። ሠሪው ሊሆን ይችላል፤ ሻጩ ሊሆን ይችላል፤ ያደሰው ጠጋኝ ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ደግሞ ዓይን ያወጣ ውሸት ነው። በሰሜን ጣሊያን፣ ብሬሻ አጠገብ፣ ላዛሪኖ ኮሚናዞ የሚባል ዝነኛ የበርሜል ሠሪ ስም ነበር። ስሙ ገበያ ስለነበረው ሰዎቹ ከሞቱ በኋላም በየአገሩ፣ ጀርመን ውስጥም ጭምር፣ ቀጥቃጮች በርሜላቸው ላይ ይጽፉት ነበር። የዛሬው የገበያ ፌክ ያኔም ነበረ ማለት ነው።

ስሙ እውነተኛ ሆኖ ሲገኝ ግን በጣም ይረዳል። ለምሳሌ «ፒስቶር» ከሚለው ስም ጋር ሽማልካልደን የሚል ካያችሁ ልብ በሉ። ሽማልካልደን የሄሰን ካሰል ግዛት ነበረች። የሄሰን ካሰል ዬገሮች፣ በጠመንጃው ስም የሚጠሩት ወታደሮች፣ ደግሞ በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ከእንግሊዝ ጎን ቆመው የተዋጉ ናቸው። እንዲህ ዓይነት ጠመንጃ አሜሪካ ውስጥ ከተገኘ ታሪኩ ሌላ ይሆናል።

ሰደፉ ላይ ትንሽ የብር ወይም የነሐስ ጋሻ ካለና ዘውድ ከተቀረጸበት የዘውዱን ጫፎች ቁጠሩ። በጀርመን ልማድ አምስት ጫፍ የተራ መኳንንት፣ ሰባት የባሮን፣ ዘጠኝ የካውንት ነው። የነገሥታት ዘውድ ከሆነ ከቤተ መንግሥት የአደን ዕቃ ቤት የወጣ ሊሆን ይችላል። ባለቤቱን ማወቅ ወደ ሠሪው ያደርሳል። መኳንንት የራሳቸው ጠመንጃ ሠሪ ነበራቸው።

ማኅተሞች፣ ያሉትም የሌሉትም

ብዙ ሰው በርሜሉ ላይ የመንግሥት የፍተሻ ማኅተም ሲያጣ ይጨነቃል። አያስፈልግም። በመላው ጀርመን በርሜል ሁሉ እንዲፈተሽ ያዘዘው ሕግ የወጣው በ1891 ነው፤ ሥራ ላይ የዋለው ደግሞ በሚያዝያ 1893። ያኔ ከአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ ጊዜው አልፎ ነበር። ስለዚህ ማኅተም አለመኖሩ ለድሮ የጀርመን ጠመንጃ ጤናማ ምልክት ነው። የንስርና የዘውድ ማኅተሞች፣ ከዘውድ ሥር ደግሞ «ዩ» ወይም «ጂ» የሚሉ የላቲን ፊደላት ካሉ ከ1893 ወዲህ በፍተሻ ቤት አልፏል። ከዘውዱ ሥር «ቪ» ካለ ሕጉ ሲመጣ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ የነበረ ነው።

በሞላላ ክብ ውስጥ «ኢ፣ ኤል፣ ጂ» የሚሉ ሦስት የላቲን ፊደላትና ኮከብ ካያችሁ በርሜሉ የሊዬዥ ነው። እዚያ ፍተሻ ግዴታ የሆነው በናፖሊዮን ዘመን ነው፣ በ1810። ከማኅተሙ በላይ ዘውድ ከተጨመረበት ከ1893 በኋላ ነው። «ጀርመን» በሚል ተለጥፎ የሚሸጥ ስንት የቤልጂየም ጠመንጃ አለ መሰላችሁ።

«የጀርመን ሥራ» የሚል በእንግሊዝኛ የተመታ ነገር ካለ የመላኪያ ዕቃ ነው። እንግሊዝ በ1887፣ አሜሪካም ከ1891 ጀምሮ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የአገሩን ስም እንዲይዝ አዝዘዋልና። «ለጥቁር ባሩድ ብቻ» የሚል እንግሊዝኛ ካለ ግን ሐዘን ነው። ያ የዘመናችን ቅጂ ነው። ብዙዎቹ የሚሠሩት በጣሊያኗ ጋርዶኔ ነው። የዬገር ቅጂም አላቸው፣ ያውም የሚያምር። በትንሽ ሳጥን ውስጥ ያሉ ሁለት ፊደላት የምርት ዓመቱን ይናገራሉ።

የጦር ሠራዊት ዕቃ ከሆነ ግን ማኅተም ይበዛል፤ ሥራውም ይቀላል። ዘውድና ከሥሩ «ኤፍ፣ ደብልዩ» የሚለው የፕሩሲያ ነገሥታት የፍሪድሪኽ ቪልሄልሞች ምልክት ነው። መተኮሻው ላይ ፖትስዳም ተብሎ «ጂ፣ ኤስ» ካለበት የሺክለር ወንድማማቾች ማለት ነው፤ ፋብሪካውን በኮንትራት ይዘው የነበሩት እነሱ ናቸው። ያንን ፋብሪካ በ1722 ያቋቋመው ንጉሥ ፍሪድሪኽ ቪልሄልም ቀዳማዊ ነው። በርሜሉ ሽፓንዳው ይቀጠቀጣል፣ ፖትስዳም ይገጣጠማል። አምበርግ ካለ ባቫሪያ ነው። ኦበርንዶርፍ ካለ ቩርተምበርግ ነው፤ ያ ፋብሪካ በ1811 በቀድሞ ገዳም ውስጥ ተከፍቶ ኋላ የማውዘር ወንድማማቾች እጅ የገባው ነው። ሰደፉ ጫፍ ባለው ብረት ላይ የተደረደሩት ቁጥሮች ደግሞ የሬጅመንቱ፣ የሻምበሉና የመሣሪያው ናቸው።

አሜሪካ ውስጥ «ጀርመን» ተብሎ በብዛት የሚሸጥ አንድ ጠመንጃ አለ። መተኮሻው ላይ ሁለት ራስ ያለው ንስርና ሦስት አሃዝ አለው፤ ለምሳሌ 859። ቁጥሩ የመሣሪያው መለያ አይደለም። የመጀመሪያዋ አንድ ተትታ ነው እንጂ 1859 ማለት ነው። ይህ የኦስትሪያው ሎሬንዝ ነው፣ የ1854 ሞዴል፣ አፈሙዙ 13.9 ሚሊ ሜትር። በእርስ በርስ ጦርነታቸው ጊዜ ሰሜኑም ደቡቡም በመቶ ሺህዎች የሚቆጠር ገዝተው ነበር።

አንድ ምሳሌ እንያዝ

በምናባችን አንድ ጠመንጃ እናስብ። በርሜሉ ስምንት ጎን፣ 72 ሳንቲ ሜትር። አፈሙዙ 14.5 ሚሊ ሜትር፣ ሰባት ቦዮች። እንጨቱ ዋልነት፣ የምላጩ አቃፊ ቀንድ። በቆብ የሚሠራ። በርሜሉ ላይ በብር የሰው ስምና ካሰል፣ በ«ሲ»። ሻጩ «ካሰል፣ 1780» ብሏል።

ስንመረምረው መተኮሻው ላይ ሁለት የተደፈኑ ቀዳዳዎች አሉ። ስለዚህ በባልጩት ነበር የተወለደው። በርሜሉ ሲነሳ ከሥሩ የዙል ማኅተም ብቅ ይላል። የመገጣጠሚያ ምልክቱ በርሜሉ፣ መተኮሻውና የሰደፉ ብረት ላይ ሦስት ነጥብ ነው፤ የቀንዱ አቃፊ ብሎን ላይ ግን ምንም የለም። ቦዩ ውስጥ በእርሳስ የአንድ ጠጋኝ ስምና 1848 ተጽፏል። ስሙ በርሜሉ ላይ ካለው ስም ጋር አንድ ነው።

አሁን ምን እንላለን? በርሜሉ ዙል ተቀጥቅጧል። ጠመንጃው በባልጩት ዘመን፣ ምናልባት በ1790 እና በ1820 መሃል፣ በአንድ ስሙ በማይታወቅ ሰው ተገጣጥሟል። በ1848 የካሰሉ ሰው በቆብ እንዲሠራ አድርጎ ለወጠው፣ አቃፊውን በቀንድ ተካው፣ ስሙንም በብር አስለበጠ። ሻጩ ያነበበው የጠጋኙን ስም ነበር። ቀኑ በመጠኑ ልክ ነው፤ ከተማውና ሠሪው አይደሉም። ዋጋውም በዚያው ልክ ይወርዳል፤ ታሪኩ ግን ከፍ ይላል።

አንዳንዴ እዚህ እንኳ አይደረስም። ማኅተም የለም፣ ጽሑፍ የለም። ያኔ «የቱሪንጊያ ዓይነት፣ 1840 አካባቢ» ብሎ መቆም ክብር ነው። ከዚያ አልፎ ስም የሚለጥፍ ሰው ዕቃ ሊሸጥላችሁ ፈልጓል።

ሲጨንቃችሁ የምትጠይቁት አለ። ዙል ውስጥ በድሮው የብቅል ቤት ያለው የመሣሪያ ሙዚየም፣ ለወታደራዊው ደግሞ ኢንጎልሽታት ያለው የባቫሪያ ጦር ሙዚየም አሉ። ስትጽፉላቸው የጠመንጃውን ሙሉ ፎቶ በቀኝና በግራ፣ የመተኮሻውን ውስጥና ውጭ፣ የበርሜሉን ሥር፣ የሰደፉን ብረት፣ እያንዳንዱን ማኅተም በቅርበት ላኩ። አጠገቡ ማስመሪያ አድርጉ። የአፈሙዙን ስፋትና የበርሜሉን ርዝመት በሚሊ ሜትር፣ የቦዮቹን ቁጥር፣ የት እንደተገኘና በማን እጅ እንደቆየ ጻፉ። ዋጋውን አትጠይቁ፤ ሙዚየሞች ዋጋ አይናገሩም። ፎቶውን ከማንሳታችሁ በፊት ደግሞ ይብራ ብላችሁ በአሸዋ ወረቀት እንዳትነኩት። ማኅተሙ ያለው እዚያ ቡናማ ቆዳ ላይ ነው፤ አንዴ ከተፋቀ ዙልም ቢሆን ለይቶ አያነበውም።